ወደ ዘመመበት

ሁለት ጎማ ያለው ነገር ለብቻው አይቆምም። ግድግዳ ካላስደገፉት ወይም የጎን ማቆሚያው ካልወጣለት ወዲያው ይጋደማል። ሰው ተቀምጦበት ፔዳሉን ሲመታ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያ ሰው ለሳይክሉ የጨመረለት ምንድን ነው? ክብደት ነው እንዳንል፣ ክብደት የሚጋደምን ነገር ያከፋዋል እንጂ አያቆመውም። ጉልበት ነው እንዳንል፣ ቁልቁለት ላይ እግሩን ያሳረፈ ነጂም አይወድቅም። «ሚዛን ነው» ብለን እንመልስና እፎይ እንላለን። ይህ መልስ ግን ጥያቄውን በሌላ ስም ከመጥራት አያልፍም፤ ሚዛን የምንለው ነገር ምን እንደሆነ አሁንም አልተናገርንምና። በልጅነቱ ሳይክል የተማረ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ገላው ከአእምሮው ቀድሞ መልሱን ያገኘዋል። ጥያቄው የሚመጣው ስድሳን ካለፉ በኋላ ነው፤ አንድ ቀን መሪው ለእጅ እንግዳ ሲሆን፣ ለመውረድ የተዘረጋ እግር መሬቱን ካሰበው ቦታ ሲያጣው። የአንድ ነገር ምንነት የሚጠየቀው መጉደል ሲጀምር ነው። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ሳይክል ላይ የሚያጣው በእርግጥ ምንድን ነው?

የሰው ልጅ ጎማን ካወቀ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለቱን ፊትና ኋላ አሰልፎ በላያቸው መቀመጥ ግን የቅርብ ጊዜ ሐሳብ ነው። ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1817 ከእንጨት የሠራት ተሽከርካሪ ፔዳልም ካቴናም አልነበራትም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄድባት። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ያን ያህል ዘመን ለምን ዘገየ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ቆማ ያያት ሰው ሁሉ «ትወድቃለች» ብሎ ስለሚፈርድና ፍርዱም ትክክል ስለሆነ ነው። መቆም ያቃተው ነገር ሲሄድ ይቆማል ብሎ ማሰብ የዓይንን ምስክርነት መካድ ይጠይቃል። ምስጢሩ ያለው መሪው ላይ ነው። ሳይክሉ ወደ ቀኝ ሲዘም ነጂው ወደ ግራ አዙሮ ከውድቀቱ አይሸሽም፤ ወደ ቀኝ ያዞራል። ጎማዎቹ በዚያው አቅጣጫ ሄደው ከሚወድቀው ገላ ሥር ይገባሉ፣ ገላውም ይቃናል። ተቃንቶም አይጸና፤ ወደ ግራ ያልፋል፣ መሪውም ወደ ግራ ይከተለዋል። ሳይክልን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጎማው መሽከርከር ነው የሚባልበት ጊዜ ነበር። ዴቪድ ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዚያን መሽከርከር ኃይል የሚያጠፋ በተቃራኒው የሚዞር ጎማ ገጥሞ መንዳቱንና ሳይክሉ እንደተነዳለት ተረከ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ያ ኃይል ጭራሽ በሌለበት፣ ነጂም ባልተቀመጠበት፣ ሳይወድቅ የሚሄድ ባለሁለት ጎማ ሠርቶ አሳየ። ሳይወድቁ መሄድ የሚችሉት ሁሉ የሚጋሩት ጠባይ፣ መውደቅ ሲጀምሩ መሪያቸው ወደሚወድቁበት መዞሩ ነው። እንግዲህ ሚዛን ማለት አለመውደቅ ከሆነ፣ ሳይክል ላይ ሚዛን ያለው ሰው የለም። ሁሉም እየወደቀ ነው የሚሄደው። የአንዱ ውድቀት ሳያልቅ ይቋረጣል፣ የሌላው ያልቃል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ይህ የሳይክል ብቻ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለመካኒክ ትተን ባለፍን ነበር። መሬት ላይ በሁለት እግሩ የቆመ ሰውስ? ማኅሌት ቆመው የሚያነጉትን ሊቃውንት ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ሽበታቸው የበዛው ከወጣቶቹ እኩል ሌሊቱን ሲገፉት ያስተውላል። ሐውልት ሆነው አይቆሙም። መቋሚያው አንድ ጊዜ ብብት ሥር ገብቶ ክብደት ይቀበላል፤ ዝማሜው ሲጀመር ደግሞ ከመሬት ተነሥቶ ገላውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመራዋል። ያለ ዜማ ቆሞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውም ቢሆን ሳያውቀው ይወዛወዛል፤ ወደ ፊት ዘመም ይላል፣ የእግሩ ጣቶች ይመልሱታል፣ ወደ ኋላ ያልፋል፣ ተረከዙ ይቀበለዋል። ዓይኑን ቢጨፍን ውዝዋዜው ይብሳል። ስለዚህ ቆሟል የምንለው ሰው ውድቀቱን በትናንሹ እየሸራረፈ የሚያሳልፍ ሰው ነው፤ ሳይክሉ ይህንኑ የተሰወረ ሥራ ወደ አደባባይ ያወጣዋል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ «እርጅና ሚዛኔን ወሰደብኝ» የሚለው አነጋገር ይጎረብጣል። የሚወሰድ ነገር አስቀድሞ የተያዘ መሆን አለበት። ሚዛን ግን በየቅጽበቱ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሥራን ደግሞ ማንም ከማንም አይወስድም። ሊወሰድ የሚችለው የሚሠራበት ነገር ነው።

የሚሠራበት ነገር ብዙ ነው። በውስጠኛው ጆሮአችን ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ የራስን መዞር ያስታውቃሉ። ከእነሱ አጠገብ ደቃቅ ጠጠር የተነሰነሰበት ስስ አካል አለ፤ ራስ ዘመም ሲል ጠጠሩ ያዘነብልና ታች የቱ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ዜና የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት በዕድሜ ብዛት ቁጥራቸው ይቀንሳል። ዓይን ይደክማል፣ በተለይ ሲመሽ። የውስጥ እግር ስሜት ይደነዝዛል። በፍጥነት የሚኮማተረው የጡንቻ ክፍል ከዝግተኛው ይበልጥ ይሳሳል። ከእነዚህ አንዱ ለብቻው ሰውን አይጥልም፤ ዓይን የጎደለውን ጆሮ ይሞላዋል፣ ጆሮ የጎደለውን እግር። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲጎድሉ ግን የሚጠፋው ከእነሱ መሐል የማንኛቸውም ያልሆነ ነገር ነው። ሳይክሉ ከዘመመበት ቅጽበት እጅ መልስ እስከሚሰጥበት ቅጽበት ያለችው ርቀት ትረዝማለች። እርጅና የሚወስደው ለመልስ የሚበቃውን ጊዜ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ቀኑ ሙሉ የራሱ ነው ይባላል፤ በእርግጥም የራሱ ነው፤ ሳይክል ላይ የሚያስፈልገው የሰከንድ ሽራፊ ግን ከዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ አይገኝለትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የብራዚል ጥናት ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን 1,702 ሰዎች በአንድ እግራቸው 10 ሰከንድ እንዲቆሙ ጠይቆ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ያህል አልቻለም፤ ያልቻሉት በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከቻሉት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። በአንድ እግር መቆም ያቃተው ሰው በዚያ ምክንያት ይሞታል ማለት አይደለም። ያች 10 ሰከንድ የብዙ ድካሞች ድምር የሚታይባት ጠባብ መስኮት ናት፤ ሚዛንም የአንድ አካል ችሎታ ሳይሆን የሁሉም ስምምነት መሆኑን ታሳያለች።

ሳይክል አንዴ የለመደ አይረሳም ይባላል። እውነት ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል። አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አንድ ግቢ የምንኖር ጡረተኛ አሉ፤ ወጣትነታቸውን ባሕር ዳር ነው ያሳለፉት፣ ሥራቸውም ገበያቸውም በሳይክል ነበር። የልጅ ልጃቸውን ሳይክል ይዘው ግቢው ውስጥ ሲሞክሩ አግኝቼ «ጋሼ፣ አልረሱትም ማለት ነው?» አልኳቸው። «እግሬ አልረሳም ልጄ» አሉኝ፤ «ችግሩ፣ የሚያውቀው የሃያ ዓመቱን እኔን ነው።» ይህ አባባላቸው ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ አሳስቦኛል። ሰው ስለ ሳይክል የሚያውቀው ነገር በአብዛኛው ስለ ራሱ ነው፤ ገላው ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ሲዘም ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ እጁ መቼ እንደሚደርስ። ይህ እውቀት ሳይነካ እንደ ተቀመጠ፣ እውቀቱ የሚናገርለት ሰው ግን ቀስ እያለ ሌላ ሰው ሆኗል። ትዝታው ወጣት፣ ገላው አዛውንት። እንግዲህ የሚጥለው መርሳቱ አይደለም፤ ማስታወሱ ነው። ጨርሶ የረሳ ሰው እንደ ጀማሪ ይጠነቀቃል፤ ያስታወሰ ሰው ግን ገላው የማይከፍለውን ይበደርበታል። ስለዚህ በሽምግልና ወደ ሳይክል መመለስ ከመማርም ይከብዳል፤ ያልጠፋን እውቀት እንደ አዲስ መማር ነውና። የሌላውን ሰው እርጅና በዓይናችን እናያለን፣ የራሳችንን ግን ከውስጥ ሆነን አናየውም። ለዚህ ይሆናል፣ ሰው ስለ ዕድሜው ከመስታወት ይልቅ ከአንድ ደረጃ ወይም ከአንድ መሪ እውነቱን የሚሰማው።

እዚህ ላይ የሽማግሌ ጥበብ ሁሉ አንድ ምክር ይሰጣል፤ ቀስ በል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ እርጋታ ከሽበት ጋር አብሮ የሚመጣ ማዕረግ ነው፣ ሮጦ የሚሄድ አዛውንት ያስደነግጠናል። ሳይክል ግን ይህን ምክር አይቀበልም። ጎማውን ከሚወድቅ ገላ ሥር ለማስገባት የሚያስፈልገው የመሪ መዞር በፍጥነት ይወሰናል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ለዚያው ማቃናት የሚበቃው መዞር ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ አራት እጥፍ ማዞር ያሻል፣ ያውም ቶሎ። እንግዲህ አዛውንቱ ለጥንቃቄ ብለው በዘገዩ ቁጥር ሳይክሉ የሚጠይቃቸው ያንኑ እርጅና የወሰደባቸውን ነገር ነው፤ ፈጣን እጅና ንቁ ጆሮ። ታዲያ ይፍጠኑ እንበል? ፈጥኖ የወደቀ ክፉኛ ይሰበራል፣ ፍሬን ይዞ ለመቆምም ቦታ ያንሰዋል። ዘገምተኛው ደግሞ ቶሎ ይወድቃል፤ ለሳሳ አጥንት ትንሹም ውድቀት ትንሽ አይደለም። አርስቶትል መካከለኛው መንገድ የሚለካው በነገሩ ሳይሆን በሰውየው ነው ሲል አስተምሯል፤ ለአትሌት የሚበቃው ምግብ ለጀማሪው ይበዛል። እኔ ደግሞ ለአንዱ ሰውም ቢሆን መካከሉ አንድ ቦታ ተተክሎ አይቆይም እላለሁ። የሠላሳ ዓመት ሰው ሰፊ መንገድ ላይ እንዳሻው ይሄዳል፤ ከታች የመውደቂያው ዝግታ፣ ከላይ የመሰበሪያው ፍጥነት፣ መሐላቸው ሜዳ ነው። በዕድሜ ሁለቱ ዳርቻዎች ይቀራረባሉ። ሜዳው ጠቦ ቀጭን መንገድ ይሆናል፤ ያረጀ ነጂ ጥበብ የዚያን ቀጭን መንገድ ስፋት በየዓመቱ አዲስ ሆኖ ማወቅ ነው።

መንገዱን ከሁሉ በላይ የሚያጠበው ፍርሃት ነው። የፈራ እጅ መሪውን ይጨብጣል፣ ክርኑ ይደርቃል፣ ዓይኑ ፊት ጎማው ላይ ይተከላል። ደርቆ የተያዘ መሪ ደግሞ ወደ ዘመመበት መዞር አይችልም። እንዲህ ሆኖ ፍርሃት የሚፈራውን ነገር በገዛ እጁ ይጠራዋል። ነገር ግን «አትፍራ» ማለት ምን ይጠቅማል? ፍርሃቱ እኮ ልክ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ውድቀት ከልጅ ውድቀት ጋር አንድ አይደለም፤ ይህን የማይፈራ ሰው ደፋር ሳይሆን ያላወቀ ነው። ረጅም ጊዜ ያንገላታኝ ጥያቄ ይህ ነበር፤ እውነተኛ ፍርሃት እንዴት ጎጂ ይሆናል? አሁን የደረስኩበት፣ ፍርሃቱ የት እንደሚቀመጥ መለየት ነው። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት የሚፈራ ሰው መንገድ ይመርጣል፣ ሰዓት ይመርጣል፣ ዝናብ የመታው ኮብልስቶን ላይ አይወጣም። በዘመመበት ቅጽበት የሚፈራ ሰው ግን ለመምረጥ ጊዜ የለውም፤ እጁ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው ፍርሃት ወዳጅ ነው፣ ሁለተኛውን የሚያባርረው ደግሞ ክርክር ሳይሆን ልምምድ ነው። ለዚህ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የ108 ሙከራዎችን ውጤት የመረመረ ጥናት፣ የአካል እንቅስቃሴ በተለይም የሚዛን ልምምድ የአረጋውያንን ውድቀት በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሚዛን ተይዞ የሚቀመጥ ንብረት ቢሆን ኖሮ የጎደለው ጎድሎ በቀረ ነበር። ሥራ ስለሆነ ግን ሲሠራ ይጠነክራል፣ በሰባም በሰማንያም።

አንድ ነገር አለ፤ ፍልስፍና የሚንቀው፣ ገላ ግን የማይንቀው። አረጋውያን ሳይክል ላይ ሲወጡና ሲወርዱም ይወድቃሉ፤ እግረኛም ነጂም ባልሆኑባት በዚያች መሐል ቅጽበት። አንድ እግር ፔዳል ላይ ነው፣ ሌላው በመቀመጫው ላይ ዞሮ አየር ላይ ነው፣ ሳይክሉም ገና አልሄደም ወይም መሄዱን አቁሟል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መሐሉ ዝቅ ያለ፣ እግር ሳይሰቀል የሚወጣበት ሳይክል። እኛ ዘንድ ግን ይህ «የሴት ሳይክል» ይባላልና ብዙ ወንድ ሊቀመጥበት ያፍራል። አንድ ስም የሰውን ዳሌ ሊሰብር ሲችል ማየት ያሳዝናል። ባለሦስት ጎማውም እንዲሁ የሽንፈት ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ እኔ ግን ሌላ ተሽከርካሪ፣ ሌላ ሙያ ብዬ እወስደዋለሁ፤ የማይዘም ነገር ላይ ሲጠመዘዙ ገላን እንደ አዲስ ማስተማር ያስፈልጋልና። ኀፍረቱ የመጣው የሽበታም ነጂ ምስል ስላጣን ይመስለኛል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሯት፤ ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነዚህ ሁሉ የወጣትነትና የእሽቅድምድም ምስሎች ናቸው። ባሕር ዳር ላይ ሽበታም ሰው ሳይክል ሲነዳ ማንም ዞሮ አያየውም፤ አዲስ አበባ ላይ ዞሮ የማያየው የለም።

እስካሁን ሚዛንን በነጂው ገላ ውስጥ ስፈልገው ቆየሁ። ግን በዚያ ብቻ ነው ያለው? ሮቤር ማርሻን የተባሉ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በ105 ዓመታቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ 22.547 ኪሎ ሜትር ነድተዋል። የነዱት የውድድር መም ውስጥ ነው። ፊታቸው የሚገባ ታክሲ የለም፣ ከጎን የሚወጣ ባጃጅ የለም፣ ጉድጓድ የለም፤ መንገዱ ራሱ ጊዜ ሰጥቷቸዋል። በዚያ ዕድሜ የቀራቸው ሚዛን ለዚያ መንገድ በቂ ነበር፤ ለሌላ መንገድ ባልበቃም ነበር። እንግዲህ ሚዛን አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ለነጂው ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ ለመንገዱም ይቀርባል። ሰሚት ከእንጦጦ ሥር ካሉት ሰፈሮች ይልቅ ለጥ ያለ ነው፣ ለሳይክል የተሠራ ይመስላል። ቢሆንም ከኮንዶሚኒየሙ ኮብልስቶን ወደ አስፋልቱ የሚወጣ ነጂ መጀመሪያ የሚያጋጥመው የመንገዱን ዳር የያዘ የቆመ መኪና ነው፤ ያን ለማለፍ ወደ መሐል መውጣት፣ ለመውጣት ወደ ኋላ ማየት አለበት። አንገት ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻ ሲከተል መሪ ይዞራል። ወጣቱ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያደርገዋል። አዛውንቱ የጎደላቸው ያችው ትንፋሽ ናት፤ ከተማው ደግሞ የሚጠይቃቸው እሷኑ ነው።

ይህ የማይለወጥ ዕጣ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር በአንዳንድ እሑዶች መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለሳይክል ነጂ ተለቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚወስደውን ጨምሮ በዋና ዋና መንገዶች ላይ የብስክሌት መስመር ዘርግቷል። የመስመሩ ዋጋ ግን የሚታየው ፈጣኑ ወጣት ሲሄድበት አይደለም፤ እሱ ያለ መስመርም ይሄዳል። የሰባ ዓመት ሰው ሰሚት ውስጥ ከሳፋሪ ወይም ከፍየል ቤት ሰፈር ተነሥቶ፣ መሐል መንገድ ሳይገባ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር፣ ገበያ ደርሶ የተመለሰ ቀን ነው መስመሩ ሥራውን ሠራ የሚባለው። ወደ ሰፈር ውስጥ የሚገቡት መንገዶች እስኪደርሳቸው ድረስ ሸክሙ በእኛ በአሽከርካሪዎች ላይ ነው። ስለዚህ ሰሚት ውስጥ መኪና የምትነዱ ሁሉ እለምናችኋለሁ፤ ሽበታም ሳይክል ነጂ ፊታችሁ ስታዩ ጥሩምባ አትንፉ፣ ድምፁ አንገታቸውን ያዞረዋልና። አጠገባቸው ስታልፉ አንድ ሜትር ተኩል ተዉላቸው። መንገዱ ከጠበበ ከኋላቸው ሆናችሁ ጥቂት ታገሡ፤ የሚዘገዩባችሁ ለጥቂት ሰከንድ ነው።